ለሚዲየም ፎርማት ካሜራ የትኛው የፖርትሬት ሌንስ? መጀመሪያ ክፍሉን በሜትር ይለኩ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። የማነሳበት ክፍል ርዝመቱ አራት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ነው። ለዓመታት በካነን ፉል ፍሬም ካሜራና በ85 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ሌንስ ስሠራ ቆይቼ፣ በቅርቡ ያገለገለ ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ 2 ከ35-70 ሌንሱ ጋር ገዛሁ። አሁን ለአንድ የፖርትሬት ሌንስ የሚበቃ ገንዘብ አለኝ። አንዱ ወዳጄ ‹80 ኤፍ/1.7 ግዛ፤ ለለመድከው 85 የሚቀርበው እሱ ነው› ይለኛል። ሌላው 110 ኤፍ/2፣ ሦስተኛው 120 ማክሮ ይላል። ሚዲየም ፎርማት ፊትን አያዛባም፣ ጀርባውንም በራሱ ያደበዝዛል ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ 80ውን ብገዛ ምን እጎዳለሁ? ወይስ የድሮውን 85 በአዳፕተር ብገጥመው ይበቃኛል?»

ምላሽ፦ 80ውን አይግዙ። ለእርስዎ የሚሆነው 110 ኤፍ/2 ነው (ኤፍ/ የሚለው የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ይሁን እንጂ ጥያቄዎ ውስጥ የገቡት እምነቶች ካልተቃኑ 110ሩንም ገዝተው በ80 እንደሚሠራ ሰው ነው የሚሠሩበት፤ ስለዚህ ከእነሱ ልጀምር።

«80 ለ85 ይቀርባል» ያለው ወዳጅዎ ያየው ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። ምስሉን የሚቀበለው የአዲሱ ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎ ሴንሰር 43.8 በ32.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፉል ፍሬሙ ካነን 36 በ24። ሴንሰሩ ሲሰፋ ያው ሌንስ የበለጠ ቦታ ያሳያል። በለመዱት ቁጥር ለማሰብ ከፈለጉ የጂኤፍኤክስ ሌንሱን ቁጥር በ0.79 ያባዙት። 80 ሚሊ ሜትር እንደ 63 ይሆናል፣ 110 እንደ 87፣ 120 እንደ 95። የድሮው 85 ራሱ በአዳፕተር ቢገጠም የሚያሳየው እንደ 67 ነው። ዓይንዎ ለዓመታት የለመደው ስፋት አሁን የሚገኘው 110 ላይ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ 0.79 የተገኘው የሁለቱን ሴንሰሮች ሰያፍ ልኬት በማነጻጸር ነው። ጂኤፍኤክሱ ግን 4 ለ3 ስለሆነ፣ ደንበኛ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲያሳጥብ ከካነኑ ፎቶ ብዙ ይቆረጥ የነበረው ከዚህኛው ትንሽ ብቻ ይቆረጣል። ስለዚህ አጫጭሮቹን ጎኖች ማነጻጸር ይሻላል፤ ያን ጊዜ ማባዣው 0.73 ይሆንና 110ሩ ወደ 80 ይጠጋል። «87 ይረዝምብኛል» የሚል ስጋት ካለዎት ይተዉት።

አሁን ወደ ፊት መዛባት። ፊትን የሚያዛባውም የሚያስተካክለውም ካሜራው ከተነሺው ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ነው። የሴንሰሩ ስፋት በዚህ ጉዳይ ድርሻ የለውም፤ የሌንሱም ቁጥር ቢሆን በቀጥታ ድርሻ የለውም። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 90 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ጆሮው 102 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ በፎቶው ላይ ጆሮው ከአፍንጫው አንጻር በ12 በመቶ ገደማ አንሶ ይወጣል። ርቀቱ 1.6 ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። 3.7 ሜትር ላይ 3 በመቶ ብቻ ይቀራል። በ12 በመቶው አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተነሺዋም ምክንያቱን ባታውቀውም «እኔን አልመሰለኝም» ብላ ትሄዳለች። በ3 በመቶው ደግሞ ፊት ጠፍጥፎ ይወጣል፤ ቀጭን ፊት ላይ ያምራል፣ ክብ ፊት ላይ ግን ሌላ ኪሎ ይጨምራል። ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ያለው ነው፤ ቡና ላይ ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ሰዎች የሚተያዩበት ርቀት ማለት ነው። ሰውን እናቱ በዚያ ርቀት ስለምታውቀው በዚያ ርቀት የተነሳው ፎቶ እሱን ይመስላል።

የሌንሱ ድርሻ ከዚያ ርቀት ላይ ምን ያህሉ ሰው ፍሬሙ ውስጥ እንደሚገባ መወሰን ነው። ካሜራውን በቁመት ይዘው ከደረት በላይ ያለ ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ፍሬሙ ከላይ እስከ ታች 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። ይህን በ80 ለመሙላት 1.2 ሜትር ድረስ መቅረብ ግድ ይላል። በ110 ርቀቱ 1.6 ሜትር ነው፣ በ120 ወደ 1.75፣ በ250 ደግሞ 3.7 ሜትር። «ምን እጎዳለሁ?» ላሉት መልሱ እዚህ አለ። 80ው በራሱ ፊትን አያበላሽም፤ ነገር ግን ፍሬሙን ለመሙላት ሲሉ ሳይታወቅዎ ወደ ፊቱ ይጠጋሉ፣ ጉዳቱን የሚያመጣው መጠጋቱ ነው።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ አይመኑ፤ የሚፈትኑበት መሣሪያ እጅዎ ላይ ነው። 35-70ውን 70 ላይ ያድርጉት፣ ወንበሩን አስቀምጠው ከተነሺው ዓይን 1.6 ሜትር በሜትር ይለኩና ያንሱ። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚያህለውን ክፍል ብቻ አስቀርተው ይቁረጡት። በ110 የሚያገኙት የፊት ቅርጽ ያው ነው፤ የቆሙት እዚያው ነውና። ከ51.4 ሚሊዮን ፒክስሉ ወደ 21 ሚሊዮን የሚጠጋ ይቀርዎታል፤ ለኤ3 ህትመት ከበቂ በላይ ነው። ቀጥለው ተነሺው ሳይነሳ ወደ 1.2 ሜትር ይቅረቡና 80ው በሚያስገድድዎት ርቀት ያንሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ለባለፎቶው ያሳዩት፣ የቱን እንደሚመርጥ ይጠይቁት። ይህን ሙከራ ያደረጉ ሰዎች አንዳንዶቹ ሌንስ መግዛቱን ራሱን ለስድስት ወር አዘግይተዋል፤ ነውር የለውም።

ክፍልዎ አራት ሜትር ተኩል ነው ብለዋል። የሥራ ቦታዎ ግን አራት ሜትር ተኩል አይደለም። ተነሺው ከመጋረጃው አንድ ሜትር ካልራቀ ጥላው መጋረጃው ላይ ያርፋል። እርስዎና ካሜራው ከግድግዳው ጋር ካልተጣበቃችሁ ሌላ ግማሽ ሜትር ይሄዳል። የሚቀረው ሦስት ሜትር ነው። በዚያ ሦስት ሜትር 110ሩ ከጭን በላይ እስከ ራስ፣ ማለትም 1.15 ሜትር ያህል ይይዛል። ለጉርድ፣ ለግማሽ ቁመት፣ እጅ አገጭ ላይ ተደርጎ ለሚነሳው የምርቃት ፎቶ ይበቃል። ሙሉ ቁመት ግን አይታሰብም፤ ሁለት ሜትር ቁመት ለመያዝ 110ሩ ከአምስት ሜትር በላይ ይፈልጋል። ካባ ለብሶ ቆሞ የሚነሳውን ተመራቂና ቤተሰቡን በያዙት 35-70 ያንሱ፤ በ60 ሚሊ ሜትር 2.8 ሜትር ላይ ቆመው ሰውየውን ከነጫማው ያስገቡታል። በፍላሽ ኤፍ/8 ላይ ያ ርካሽ የሚባል ሌንስ የሚሰጠው ጥራት ማንንም አያሳፍርም። ክፍልዎ ሦስት ሜትር ተኩል ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ስለ ጀርባ መደብዘዝ የሚባለው ግማሹ ወሬ ነው። የአፐርቸሩንም ቁጥር እንዲሁ በ0.79 ሲያባዙት 110 ኤፍ/2 በፉል ፍሬም እንደ 87 ኤፍ/1.6 ያደበዝዛል። ከድሮው 85 ኤፍ/1.8 የሚበልጠው በስቶፕ (ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ የሚያደርግ እርምጃ) ሲሶ ገደማ ነው፤ ደንበኛ አይለየውም። በፉል ፍሬም ያለ 85 ኤፍ/1.2 እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ያደበዝዛል። ለብርሃን ልኬት ግን ኤፍ/2 ያው ኤፍ/2 ነው፤ ሴንሰሩ ስለሰፋ ሹተሩንም (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) አይኤስኦውንም (የብርሃን ትብነቱን) አይለውጡም። ሚዲየም ፎርማት የገዙት ለመደብዘዝ ከሆነ ገንዘብዎን ያለቦታው አውጥተዋል። ትርፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሴንሰሩ በስፋት የፉል ፍሬምን 1.67 እጥፍ ያህላል፣ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ቆዳ ሲነሳ ቀለሙ ሳይሻክር ይወጣል፤ ከጉንጭ ብርሃን ወደ አንገት ጥላ የሚደረገው ሽግግርም የለሰለሰ ነው። ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ለምትነሳ ጠይም ሴት ብርሃኑን ለነጩ ጨርቅ ይለኩና ፊቷን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ከፍ ያድርጉት። ነጩ አንዴ ከነደደ፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነ፣ አይመለስም፤ ጥላው ግን ይመለሳል።

ኤፍ/2ን በጥንቃቄ ይያዙት። በ1.6 ሜትር ርቀት 110ሩ ኤፍ/2 ላይ ጥርት አድርጎ የሚይዘው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ተነሺዋ ስትስቅ ራሷን የምታነቃንቀው ታህል። ኤፍ/4 ላይ ስድስት፣ ኤፍ/8 ላይ ከአፍንጫ እስከ ጆሮ የሚያዳርስ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ትልቅ ህትመት በቅርብ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ልኬቱ ከዚህም ይጠባል። እኔ ራሴ በዚህ ተቀጥቻለሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ልጆቻቸው ለሳሎን ግድግዳ 60 በ80 ፎቶ አዘዙላቸው፤ በመስኮት ብርሃን ኤፍ/2 ላይ አነሳኋቸው። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለው ስክሪን ሁሉም ያማረ መሰለኝ። ማታ ሳሰፋው ጥርት ብሎ የወጣው የነጠላቸው ጠርዝ ነበር፤ ጥለቱ ክር በክር ይቆጠራል፣ ዓይናቸው ግን ጭጋግ ውስጥ ነው። እንደገና አስመጣኋቸው፣ ለታክሲውም እኔ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ለሽያጭ የማነሳውን ፊት ከኤፍ/4 በታች አልወርድም፤ ኤፍ/2ን መጀመሪያ በኤፍ/5.6 አስተማማኝ ፎቶ ከያዝኩ በኋላ ለራሴ ደስታ እሞክረዋለሁ።

ካሜራዎም ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። 50ኤስ 2 ፎከስ የሚፈልገው በንፅፅር ዘዴ ብቻ ነው፤ ባለ 100 ሚሊዮን ፒክስሎቹ የጂኤፍኤክስ ካሜራዎች ያላቸው ፈጣኑ ዘዴ የለውም። ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ነው የሚያገኘው። 110ሩ ሊኒየር ሞተር ስላለው ይህን በተሻለ ፍጥነት ይሠራል፤ 80ው ግን ያ ሞተር የለውም፣ ይዘገያል፣ ድምፅም ያሰማል። ዘገምተኛ ካሜራ ላይ ዘገምተኛ ሌንስ መግጠም አይመከርም። ካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያም የእጅዎን መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ተነሺው ከተነቃነቀ አያድንዎትም። ያለ ፍላሽ ሲሠሩ ሹተሩን ከ1/125 አያውርዱት።

የአገራችንን ልብስ ለሚያነሳ ሰው ሌላም የማልዘለው ነገር አለ። ይህ ሴንሰር ጥቃቅን ድግግሞሾችን የሚያለዝብ ማጣሪያ ከፊቱ የለውም፤ 110ሩም 120ውም እጅግ ጥርት አድርገው የሚያሳዩ ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ በስሱ የተሸመነ ነጠላ ላይ የአረንጓዴና የሐምራዊ ሞገድ ሊወጣ ይችላል፤ ሞይሬ የሚባለው ነው። በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሲያሰፉት ነው። ሙሽሪት ከቤተሰቧ ጋር ስትነሳ የመጀመሪያውን ፎቶ መቶ በመቶ አስፍተው ነጠላው ላይ ያዩት። ሞገዱ ካለ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ወይም ተነሺዋን ትንሽ ያዙሯት፤ የክሩ ስፋት በሴንሰሩ ላይ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ/16 መዝጋትም ጥራቱን በጥቂቱ አለስልሶ ይረዳል። የተረፈውን የቀለም ሞገድ በማስተካከያ ፕሮግራም ብሩሽ ማንሳት ይቻላል፤ ግን አርባ ፎቶ ላይ ሲሆን ሌሊቱን ይፈጃል።

ከቤት ውጭ በፀሐይ ሲሠሩ የ110ሩ ኤፍ/2 ጣጣ ያመጣል። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100 ላይ ልኬቱ ኤፍ/16 በ1/100 አካባቢ ነው። ወደ ኤፍ/2 ለመውረድ ሹተሩ 1/6400 መድረስ አለበት፤ የካሜራዎ ሜካኒካል ሹተር ግን 1/4000 ላይ ያበቃል። ፍላሽ ከጨመሩ ደግሞ ገደቡ 1/125 ነው። ስለዚህ ስድስት ስቶፕ የሚያጨልም ኤንዲ ፊልተር ያስፈልግዎታል፤ የ110ሩ መጠን 77 ሚሊ ሜትር ነው። በሃሰልብላድ ኤክስ ካሜራዎች ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ የፍላሹ ገደብ ይህን ያህል አያጠብባቸውም፤ ሌንሶቻቸው ግን ለእርስዎ ካሜራ አልተሠሩም፣ ምኞቱን እዚህ ላይ ያቁሙት። ከፊልተሩ በፊት ዛፍ ጥላ ይፈልጉ፣ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይውጡ።

120 ማክሮ የተናቀ ግን ጥሩ ሌንስ ነው። ወዳጅዎ ያለ ምክንያት አላነሳውም፤ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ የነገሩን ግማሽ መጠን በሴንሰሩ ላይ ያሳርፋል፣ ስለዚህ ቀለበት፣ የጆሮ ጉትቻ፣ በሂና የተጌጠ እጅ ለማንሳት ከ110ሩ በእጅጉ ይበልጣል። 110ሩ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች አይቀርብም። በፍላሽ ኤፍ/8 ላይ ብቻ የሚሠራ ፎቶ ቤት በ120 ኤፍ/4 ምንም አይጎድልበትም፤ የሥራዎ ግማሽ ጌጣጌጥና ዕቃ ቢሆን ኖሮ እሱን ይግዙ እል ነበር። ፍላሽ የሌለው የመስኮት ብርሃን ላይ ግን ኤፍ/4 ይጠባል፣ ሙሽራም ብዙ ጊዜ የምትነሳው ቤቷ ውስጥ በመስኮት ብርሃን ነው። 250 ለክፍልዎ አይሆንም። 100-200 ዙሙ ኤፍ/5.6 ስለሆነ በፍላሽ ብቻ ለሚሠራ ሰው ምቹ ነው፣ ለእርስዎ ግን ቀዳሚ አይደለም።

የድሮውን 85 በአዳፕተር መግጠም ይቻላል፤ አውቶፎከሱን የሚያስተላልፉ አዳፕተሮች አሉ። ግን ሌንሱ የተሠራው ለ36 በ24 ስለሆነ ማዕዘኖቹ ሊጨልሙ፣ ጠርዙም ሊላላ ይችላል። ካሜራውን ወደ 35 ሚሊ ሜትር ሁነታ ቢቀይሩት ጨለማው ይጠፋል፣ ነገር ግን ያን ጊዜ 30 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ካሜራ ነው የያዙት። እሱን ደግሞ ቀድሞም ነበረዎት።

ስለዚህ 110ሩን ይግዙ፤ ያገለገለ ቢሆንም ይሁን። ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ካሜራ ላይ ይግጠሙት። የፊቱን መስታወት በስልክዎ መብራት በሰያፍ ያዩት፤ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ኤፍ/2 ላይ አንድ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው አራቱን ማዕዘን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ አይውሰዱት። ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከካሜራው ጋር ወደ ሁለት ኪሎ ስለሚጠጋ ቀኑን ሙሉ አንገትዎ ላይ አይዙትም፣ ጠንካራ ትሪፖድ ያዘጋጁለት።

ካነኑንና 85ቱን ደግሞ አይሽጧቸው። ሙሽሮች ሲጨፍሩ፣ ሕፃን ክፍሉ ውስጥ ሲሯሯጥ ይህ አዲሱ ካሜራ ፎከሱን ሲፈልግ ቅጽበቱ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የሚያነሱት በእነሱ ነው።